የገለባው ጥጃ

ጎንደር፣ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አያ አለበል፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። ወርቅአፈራሁ ከአራስ ቤት በሰላም መውጣቷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሕፃኑንም ከዓይን ያውጣልህ። እኔም፣ ባለቤቴ አዛለችም፣ ልጆቹም ጤና ነን። ጤና ስልህ የሰውነቱን ማለቴ ነው፤ የሌላውን ከታች ትሰማዋለህ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ማሬ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። አንተ መደቡ ላይ ተቀምጠህ፣ ጋቢህን ጉልበትህ ላይ ጥለህ፣ ልጅህ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ደጃፉ ላይ ቆማ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንህ። እስከ መጨረሻው ታንብብልህ። መሐል ላይ ብታቆም ወይም “ሰላምታ ብቻ ነው፣ አበቃ” ብትልህ አትመናት። ልጄ ዋሽታ አታውቅም ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፤ ግን ሰው ለማዳን ስትል ዝም ማለት እንደምትችልበት እኔ ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያወቅኩት።

የላክኸው ደብዳቤ በጎረቤትህ በአላምረው እጅ ደርሶኝ ቢሮ ውስጥ ከፈትኩት። የማሬ ጽሕፈት መቼም ዓይን ይማርካል። በእሷ ዕድሜ እኔ እንዲያ አልጽፍም ነበር። እንዲህ ይላል፦ “ማሬ አደራ የማታውቅ ሆና ጥጃውን ጎንደር ላይ ጣለችው። ዳልቻም ከዚያ ወዲህ ነጥፋለች። ስለዚህ ከጥር በኋላ ትምህርቱ ይቅርባትና ከብት ትጠብቅ ብዬ ቆርጫለሁ። አንተም ወደ ጎንደር ወስጄ አስተምራታለሁ ያልኸውን ተወው።” አንተ ተናገርህ፣ እሷ ጻፈች። በራሷ ላይ የተፈረደውን በራሷ እጅ፣ ሳትሰርዝ ሳትደልዝ ጻፈችው። “ጣለችው” የምትለዋ ቃል ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብላ ተጽፋለች።

ከስምህ በታች ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ በደቃቃ ፊደል የተጻፈ። አንተ ያስጻፍኸው አይመስለኝም። እሱን ቦታው ላይ ስደርስ እነግርሃለሁ።

ለመስቀል አይከል መጥቼ ዳልቻን ለእርሻ ኤግዚቢሽኑ ስጠኝ ብዬ የነዘነዝኩህን ታስታውሳለህ። “ምነው ስማቸው፣ ላም ደግሞ ልታይ ብላ ጎንደር ትሄዳለች?” ብለህ ሣቅህብኝ። እኔ ግን አለቃዬ ፊት ከወንድሜ በረት የወጣች ላም አንደኛ ስትባል እያየሁ ነበር። የአንተ ስም ይጠራል አልኩህ፤ የራሴን ማለቴ ነበር። ወርቅአፈራሁ ቀኗ ደርሶ ነበርና ራስህ መምጣት አልቻልህም። እሺ ስትለኝ አንድ ቃል ብቻ አስያዝኸኝ፦ “ማሬ ከጥጃው፣ ጥጃው ከዳልቻ እንዳይለዩ። አደራ።”

ስለ ጥጃው ለአንተ መንገር ጅልነት ነው፤ የሠራኸው አንተ ነህ። የምጽፈው፣ ጥጃው ምን እንደሆነ አላወቅኩም ብዬ እንዳላመልጥ ነው። ዳልቻ በግንቦት የወለደችውን ጥጃ በክረምቱ የአባ ጎርባ በሽታ ሲወስደው፣ ቆዳውን ገፈህ፣ ገለባ ሰግስገህ፣ ሆዱን በቃጫ ሰፍተህ ለማሬ ሰጠሃት። እሷ ጨው ነስንሳ ከዳልቻ ፊት ታቆመዋለች፤ ዳልቻ የልጇን ቆዳ እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። ያለዚያ ጠብ አይላትም። ማሬ ደግሞ ሞቷል ብላ ሳትንቀው፣ በሕይወቱ ሳለ የነበረችውን ትንሽ ቃጭል መልሳ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ቁስቋም ቤቴ ስትደርስ ጥጃውን በአንቀልባ አዝላው ነበር። ዳልቻን የነዳው አላምረው እየሣቀ የነገረኝን ልንገርህ። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሴቶች፣ ከአንቀልባው የወጣውን ጆሮ ሳያዩ፣ “እግዜር ያሳድግልሽ” ይሏታል። እሷም “አሜን” ትላለች። እኛም ሣቅን። ክንዱ ልጄ ጥጃውን ሣር ካላበላሁ ብሎ አስቸገረን፤ እህቱ ወለተ ሚካኤል ቃጭሏን እያንቃጨለች ከጥጃው ጎን ተኛች። ያን ዕለት ቤቴ ውስጥ አንድም የሚያፍር ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት፣ አላምረው ዳልቻን ከፊት እየነዳ፣ ወደ ኤግዚቢሽኑ ሜዳ ወረድን። አዛለች ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳለች። ክንዱ የእኔን አሮጌ ክራባት ካላሰርኩ ብሎ አልቅሶ፣ አሳስሮ፣ እስከ ጉልበቱ ወርዶለታል። ወለተ ሚካኤል ትከሻዬ ላይ ናት። ማሬ ጥጃውን አዝላ ከኋላችን ስትከተል ቃጭሏ በየእርምጃዋ ትንቃጨላለች። ፒያሳ ስንደርስ ከቡና ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች ጽዋቸውን አስቀምጠው አይዋትና ተሣሣቁ። ከመካከላቸው የማውቃቸው ነበሩ። “ፈጠን በይ እንጂ!” አልኳት። ለምን እንደተቆጣኋት አልገባትም፤ ፈጠን አለች፣ ቃጭሏም አብራ ፈጠነች።

ሜዳው ሠርግ ቤት መስሎ ነበር፣ አያ። የፖሊስ ሙዚቃ ይነፋል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ክንዱ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ መሪውን ጨብጦ አልወርድም አለ። ወለተ ሚካኤል ከፈረንጅ አገር የመጣውን ኮርማ ስታይ “ዝሆን!” ብላ ጮኸች፤ ዝሆን አይታ አታውቅም። ማሬ በኤሌክትሪክ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ዘንድ ቆማ ቀረች።

“እናታቸውስ አያ ስማቸው?” አለችኝ።

“እናት የላቸውም። መብራቱ ነው የሚታቀፋቸው።”

ወደ ጫጩቶቹ ጎንበስ አለች። “ታዲያ ሲወጡ ማንን ነው የሚከተሉ?”

ፓስቲ ገዛሁላቸው።

ባለ ፎቶግራፉ ሰው ሳጥኑን በሦስት እግር አቁሞ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ቤተ ሰብ ያነሣ ነበር። እኛንም አሰለፈን። ማሬን አየና “ያዘለችው ምንድን ነው?” አለ። እኔም “አውርጂው፣ እዚያ አጥሩ ሥር አስቀምጪው” አልኳት። አንተ አትለያዩ ያልኸውን እኔ በአንድ ቃል ለየሁት። ፎቶግራፉ ትናንት ደረሰልኝ፤ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ካሜራው አድርገናል። ማሬ ብቻ አንገቷን አዙራ ወደ አጥሩ ታያለች።

ከዚያ አዛለች ልጆቹን ይዛ ክንዱን እንደገና ትራክተር ልታሳይ ስትሄድ ማሬ አልሄድም አለች። “ጥጃውን ማን ያይልኛል?” አለችኝ። “እኔ አለሁ፣ ሂጂ” አልኳት። ሄደች።

አጥሩ ከዳልቻ በረት አጠገብ ነበር። እኔ የእርሻ ቢሯችንን ነጭ ጋዋን ለብሼ ቆሜያለሁ። ከራሴ በላይ “ዘመናዊ የወተት ላም አያያዝ” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ ኃይለ ማርያም እንግዶች አስከትለው በረት በረቱን እያዩ ወደ እኔ ሲመጡ አየኋቸው። ከጎናቸው ካሜራ ያነገተ ረጅም ፈረንጅ አለ። ጥጃው ደግሞ ከሰሌዳዬ ሥር፣ አጥሩን ተደግፎ፣ ሆዱ በቃጫ እንደተሰፋ፣ ዝንብ ወርሮት ያየኛል። ፈረንጁ ከሩቅ በጣቱ አመለከተና ሣቀ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ፒያሳ ላይ የሣቁት ሁሉ ከኋላው የተሰለፉ መሰለኝ።

ከበረቱ ጀርባ ጠራጊዎቹ ጭድና ፋንዲያ ሰብስበው ያቃጥሉ ነበር። ጥጃውን አንሥቼ ወደዚያ ወረወርኩት። ልሸሽገው ብዬ፣ እሳቱን ሳላይ ጣልኩት ልልህ ጀምሬ ነበር፤ ውሸት ነው። እሳቱን አይቼዋለሁ። ገለባ ነውና ወዲያው ተያያዘ። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ሲመጣ እጄን ጋዋኑ ላይ ጠረግኩና ፈገግ ብዬ እንግዶቹን ተቀበልኩ።

እንግዲህ አያ፣ ማቃጠሌ አንድ ነገር ነው። የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

ማሬ ፓስቲዋን ሳትጨርስ እየሮጠች መጣች።

“አያ ስማቸው፣ ጥጃው የለም!”

“የት አስቀመጥሽው?”

“እዚሁ። አንቱ አስቀምጪው ያሉኝ ቦታ።”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ትራክተሩ ጋ ይዘሽው ሄደሽ ይሆናል።”

“ኧረ አልያዝኩትም!”

“ልጅ ነሽ፣ ዘንግተሽው ይሆናል። በይ ነይ እንፈልገው።”

አብሬያት ፈለግኩ፣ አያ። እንደሌለ እያወቅኩ በየበረቱ ሥር ጎንበስ እያልኩ ፈለግኩ። “እዚህስ አይተሻል?” እያልኩ አስከተልኳት። አልበቃኝ ብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰድኳት። ሰውዬው “የገለባ ጥጃ የጠፋባት ልጅ እዚህ አለች፤ ወድቆ ያገኘ ሰው ወዲህ ያምጣላት” ሲል ሜዳው ሁሉ በሣቅ ተሞላ። እኔም ከሰው ጋር ሣቅኩ። ማሬ አልሣቀችም፤ መልስ የሚመጣ መስሏት ድምፅ ማጉያውን ቀና ብላ ታይ ነበር።

ከቀትር በኋላ የወተቱ ውድድር ደረሰ። ዳኞቹን “በአዲሱ ዘዴ ያለ ጥጃም ትታለባለች” አልኳቸው። ማሬ ባዶ አንቀልባዋን እንዳዘለች፣ የማለቢያውን ግሬራ ጉልበቷ መሐል ይዛ ተቀመጠች። እናታችን ከብት ስታባብል ትለው የነበረውን የቅማንትኛ ቃል በለሆሳስ ትላት ጀመር፤ እኔ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ከአፌ ያላወጣሁትን ቃል። ዳልቻ አንገቷን አዙራ የማሬን ጀርባ አሸተተች። ጥጃው ታዝሎበት የዋለውን አንቀልባ ላሰችው። ጥቂት ጠብ ጠብ አለና ቆመ። ከዚያ ዳልቻ ግሬራውን ረግጣ ደፋችው፣ ዳኞቹም ወደሚቀጥለው በረት አለፉ።

ፈረንጁ በኋላ ተመልሶ መጣ። አቶ ኃይለ ማርያም አስተረጎሙልኝ። ያን የገለባ ጥጃ ፎቶግራፍ ሊያነሣው ፈልጎ ኖሯል። በአገሩ እረኞች ግልገል የሞተባትን በግ እንዲሁ ያታልሏታል አሉ፤ እዚህ ሲያየው ደስ ብሎት ነው የሣቀው። “ምነው አቶ ስማቸው፣ የሚያምረውን ነገር ደበቁብን?” አሉኝ አለቃዬ። እንዲያ ሆነ። ማንም ያላሳፈረኝን፣ እኔ ራሴ አፍሬ የልጅህን አደራ አቃጠልኩ።

ማታ ልንሄድ ስንል ማሬ ጠፋች። ከበረቱ ጀርባ አገኘኋት፤ ቁጢጥ ብላ አመዱን በእንጨት ትቆሰቁሳለች። “ምን ታደርጊያለሽ?” አልኳት። “ምንም” ብላ ተነሣች። ቀኝ እጇን ጨብጣ ነበር። እስከ ቁስቋም ድረስ ጨብጣው ሄደች። አዛለች “ምን ይዘሽ ነው?” ስትላት “ድንጋይ” አለች። እኔም ድንጋይ ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ስትለየኝ ጉልበቴን ስማ “ደህና ይሁኑ አያ” ስትለኝ ያቺ እጅ አሁንም እንደተጨበጠች ነበረች።

ከስምህ በታች ያለው መስመር ይህ ነው፦ “አያ ስማቸው፣ ቃጭሏ እኔ ጋ ናት።”

ሌላ የለውም። ምነው አቃጠሉት አትልም፣ ለአባቴ እነግራለሁ አትልም። ከአመድ ውስጥ ያወጣቻትን ቃጭል ይዛ፣ አንተ ፊት ቀርባ፣ ጣልኩት ብላ ቁጣህን ተቀብላለች፤ አላምረው እንደነገረኝ ተገርፋለች። ለምን ዝም እንዳለች ሳስብ ሰነበትኩ። ስትልካት “አያ ስማቸው ያለሽን ስሚ” ብለሃታል። እኔ ደግሞ ዘንግተሽው ይሆናል አልኳት። እሺ ብላ ሰማችን። ብትነግርህስ ኖሮ ታምናት ነበር? እኔን ነበር የምታምን። ነጭ ጋዋን የለበሰው፣ ከቤታችን ፊደል የቆጠረው እኔ ነኝ።

የቆጠርኩትም አንተ ከብት ስለጠበቅህልኝ ነው። አባታችን አንዱ ይማር፣ አንዱ ከብቱን ይይ ሲል፣ አንተ “እሱ ይሂድ” አልህ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አላነሣህብኝም፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩህም። አሁን ደግሞ በእኔ ጥፋት ልጅህ ከብት ልትጠብቅ ነው። ይህን እያወቅኩ ኅዳር እስኪገባ አፌን ይዤ መቀመጤ ያሳፍረኛል። ከእሳቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍርድህን ከማሬ ላይ አንሣው። ጥጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዳልቻን ያነጠፍኳት እኔ ነኝ፣ ወርቅአፈራሁ ከአራስ ቤት ወጥታ ወተት ያጣችው በእኔ ነው። ለኅዳር ሚካኤል የምትታለብ ፍየል ይዤ እመጣለሁ። ዳልቻን እንደማትተካ አውቃለሁ፤ የሕፃኑን ጉሮሮ ታረጥብ እንደሆነ ብዬ ነው። ማሬን ወደ ጎንደር ወስጄ አስተምራታለሁ ያልኩትን ተወው ብለኸኛል። ደግ ብለሃል፤ አደራ የማያውቅ ቤት ቢኖር የእኔ ቤት ነው። እዚያው አይከል፣ ከዓይንህ ሥር ትማር። ትምህርቷን ግን አትንካባት።

ስመጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የምጠይቅህ፣ ደብዳቤዬ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። “ሰላምታ ነበር” ካልኸኝ፣ ልጅህ አሁንም ሸሽጋኛለች ማለት ነው። ያኔ ይህንኑ ሁሉ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት በአፌ እነግርሃለሁ።

አሁን ለማሬ ነው።

ማሬ፣ ከላይ የሆነ ቦታ ድምፅሽ ዝቅ ብሎ እንደሆነ፣ ወይ መስመር ዘልለሽ እንደሆነ፣ ወደ ኋላ ተመለሺና ጮክ ብለሽ አንብቢው። አያ ስማቸው ያለሽን ስሚ ተብለሻልና ይህን ስሚኝ። በእጅሽ “ማሬ ጣለችው” ብለሽ ጽፈሻል። ያንን ስሕተት ነው የምልሽ። ትክክሉ “ስማቸው አቃጠለው” ነው። ይቅር በይኝ ማለት ይገባኛል፤ ግን ወረቀት ላይ ብዬው እንዳልገላገል ፊትሽ ቆሜ እስክለው አቆየዋለሁ። አንቺም ወዲያው እሺ አትበይኝ። ጉልበቴንም እንዳትስሚ።

አያ አለበል፣ ወርቅአፈራሁንና ሕፃኑን ሳምልኝ። ክንዱ ጥጃው ተገኘ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ከአንተ ዘንድ ስመለስ እውነቱን እነግረዋለሁ።

አደራህን ያቃጠለው ታናሽ ወንድምህ፣
ስማቸው

ማሬ፣ አንብበሽ ጨርሰሻል። አሁን ቃጭሏን አምጪና አባትሽ መዳፍ ላይ አስቀምጪያት።